የማኅበር ፍርሃት ከየት መጣ? ከአራት ኪሎ እስከ ቤኤር ያዕቆብ



የቲሽሬ በዓላት አልፈው ኮሌጆች ሲከፈቱ ወላጆችን ሰብስቦ መነጋገር የማኅበራችን የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮም ተሰበሰብን። ስለ ትምህርት ክፍያ፣ ስለ ነጻ ትምህርት ዕድልና ስለ አውቶቡስ ሰዓት ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። ልጃቸው የምትማረው በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሰኞ ሰኞ ማታ ግን በቀጥታ ወደ ቤት አትመለስም፤ ሬሆቮት ውስጥ የልዩ ልዩ ኮሌጆች ተማሪዎች ወደሚገናኙበት የእግር ጉዞ ክበብ ትሄዳለች። አሁን ደግሞ ለክበቡ ኮሚቴ ልትመረጥ ነው። እናቲቱ ይህን ከነገሩን በኋላ «ልጆቼ፣ እኔ የምፈራው የእግሩን ጉዞ አይደለም፤ ኮሚቴ የሚባለውን ነው። ወንድሜን የበላብኝ ማኅበር ነው» አሉን።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከጎንደር የመጣን ሰዎች ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ወዲያው ገባን። እዚህ ተወልደው ያደጉት ወጣቶች ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከእነሱም አንዱ በዕብራይስጥ «የእግር ጉዞ ክበብ ሰው ይበላል እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰማነው። ልጁ ለመቀለድ አልነበረም፤ በእርግጥም አያውቅም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ጥያቄ ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመሠረቱ ማኅበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድሩንና ዕቁቡን ትተን ስግድን ብቻ ብናስታውስ ይበቃል። ሕዝቡ ከየመንደሩ፣ አንዳንዱም የቀናት መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ አምቦበር ላይ ሲሰበሰብ ዋናው ጉዳይ ጾሙና ጸሎቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሆኖም የሩቁ ዘመድ ወሬ የሚሰማው፣ የአንዱ መንደር ወጣት የሌላውን መንደር ወጣት የሚያየው በዚያው ዕለት ነበር። (አንዳንድ ትዳሮች ከየት እንደ ተጀመሩ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ እኛ ግን አንናገርም።) ታዲያ ይህን የለመደ ሕዝብ «ማኅበር» ወይም «ኮሚቴ» ሲባል የሚደነግጠው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከጎንደር ርቀን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አራት ኪሎና ወደ ስድስት ኪሎ መሄድ ይኖርብናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ያቋቋሙትና በኃላፊነት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሌሎች ኮሌጆች አንድ በአንድ ተከፈቱ። አዲስ አበባ ውስጥ የምህንድስናው ኮሌጅና ልደታ አካባቢ ያለው የሕንጻ ኮሌጅ፣ ሐረርጌ ውስጥ የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ፣ በ1954 ደግሞ በእኛው አገር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ አስተዳደርና የራሱ የውጭ ረዳት ነበረው። የሕንጻውን ኮሌጅ ስዊድናውያን፣ የዓለማያውን የአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይረዱት ነበር። ሁሉም የአንድ አገር ልጆች ቢሆኑም አንዱ በስዊድን ወግ፣ ሌላው በአሜሪካ፣ ሦስተኛው በካናዳ ካህናት ሥርዓት ይማር ነበር ማለት ነው። የዓለማያ ተማሪ ከአዲስ አበባው ጓደኛው ጋር ለመገናኘት በባቡር ወይም በመኪና ምሥራቁን ኢትዮጵያ ማቋረጥ ነበረበት። የአራት ኪሎውና የልደታው ተማሪዎች እንኳ በአንድ ከተማ እየኖሩ ብዙም አይተዋወቁም ነበር።

ስለ ጎንደሩ ኮሌጅ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናስታውሰው ነውና። እዚያ የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ ከዚያም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። አንዱ ሕመምተኛውን ሲያይ ሌላዋ እናቶችን ታስተምራለች፣ ሦስተኛው ጉድጓዱንና ምንጩን ይመረምራል። ሦስት ዓይነት ሙያ የያዙ ሰዎች ገና ተማሪ ሳሉ አብሮ መሥራትን መልመዳቸው ትልቅ ነገር ነበር። ይህ ግን መምህራን ያቀዱት መገናኘት ነው። ተማሪዎች በራሳቸው ፈቃድ ያደረጉት መገናኘት የተጀመረው በሌላ መንገድ ነው።

በ1958 አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ባደረጉበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች በኢትዮጵያ የሚማሩበት ዕድል እንደሚሰጡ አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። ከእነሱ አንዱ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑትና በ1990 የተገደሉት ሮበርት ኡኮ ናቸው። የእኛ አገር ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ነበራቸው። አገራቸው በቅኝ አልተገዛችም፤ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አላት ተብለው አድገዋል። እንግዶቹ የመጡት ግን እንግሊዝ ከሚገዛቸው አገሮች ሆኖ ሳለ የሠራተኛ ማኅበርን፣ የፖለቲካ ፓርቲንና የአደባባይ ክርክርን የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። በነጻይቱ አገር ግን ተማሪው በስብሰባ ላይ አፉን ለመክፈት ይፈራል፤ ጋዜጣውም ከመታተሙ በፊት ይመረመራል። ነጻ የወጣው ማን ነው? ያልወጣውስ? ይህ ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። የተነሣው በመኝታ ክፍልና በምግብ አዳራሽ፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ በመቀመጥ ነው። ስለዚያ ዘመን ተማሪዎች ሰፊ መጽሐፍ የጻፉት ኖርዌያዊቷ የታሪክ ምሁር ራንዲ ባልስቪክም ሆኑ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ለእነዚህ እንግዶች ተማሪዎች ተገቢውን ቦታ ሰጥተዋቸዋል።

በታኅሣሥ 1960 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለመደገፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። ያን ጊዜ በርካታ ሹማምንት የተገደሉት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1961፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ፤ የተበታተኑት ኮሌጆችም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ። የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ የተመሠረተው እንዲህ ነው። ኮሌጆቹ በወረቀት አንድ ሆኑ እንጂ ተማሪዎቹ ገና አንድ አልሆኑም።

እንዲያውም አስተዳደሩ ተማሪዎች መቀራረባቸውን አልወደደውም ለማለት የሚያስደፍር ነገር አለ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። በ1961 ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ካነበበ በኋላ በባለ ሥልጣኖችና በተማሪዎች መካከል የነበረው ነገር እየሻከረ ሄደ። በ1962 የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። ብዙ ተማሪዎች ይህ የተደረገው እነሱን ለመበተን ነው ብለው አመኑ። ነገር ግን የተበተነው ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየ፤ ከጠላ ሻጯ፣ ከወዛደሩና ከሊስትሮው ጋር ጎረቤት ሆነ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሰው ማወቅ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት ያሰበው ሰው የነበረ አይመስለንም።

በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ነገሩን አሰፋው። ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፣ ማገልገል ነበረበት። ከአንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ባለ ወጣት መምህር የተማሩ ይኖራሉ። የአዲስ አበባ ልጅ የገበሬውን ኑሮ፣ የባላባቱን ድርሻ፣ የጭሰኛውን ዕዳ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። በየካቲት 1965 ምክር ቤቱ ስለ ጭሰኞች በሚከራከርበት ጊዜ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሄዱ ይህን ሁሉ ይዘው ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ1966፣ ሌላ ሰልፍ ተደረገ። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን ይህ ነው። ለማኞችና ችግረኞች ከአዲስ አበባ መንገዶች እየተለቀሙ ሾላ በሚባል ሰፈር መታጎራቸውን ተማሪዎቹ ሰሙ፤ ሄደውም አዩ፤ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው አደባባይ ወጡ። የምህንድስናና የሕግ ተማሪ ከአንድ ለማኝ ጋር ምን አገናኘው? ከክፍሉ ወጥቶ ስለሄደ ነው።

እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ የተማሪዎች ማኅበር ነበረው፤ አንዱ ሰልፍ ሲወጣ ሌላው ፈተናውን ይጽፋል። በ1966ና በ1967 መካከል ግን የአዲስ አበባ ግቢዎች ማኅበራት ተዋሕደው አንድ የተማሪዎች አንድነት መሠረቱ። ውሕደቱ ያለ ክርክር አልተፈጸመም። ትንንሾቹ ኮሌጆች በትልቁ እንዋጣለን ብለው መስጋታቸው የማይቀር ነበር፤ ፖለቲካ ይቅርብን፣ ስፖርቱና ጭፈራው ይበቃናል የሚልም አልጠፋም። ሁሉም ተማሪ ጀግና አልነበረም፤ አብዛኛው ዲግሪውን ይዞ እናቱን ለመርዳት የሚቸኩል ልጅ ነበር። እኛም ይህን እንደ ነውር አንቆጥርበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ጨለማ ነው። የአንድነቱ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 28 ቀን 1969 በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው በግቢው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ። በውጭ አገር የነበሩት ተማሪዎች አስቀድመውም ቢሆን በአውሮፓና በአሜሪካ በየማኅበሮቻቸው በየዓመቱ እየተገናኙ ይከራከሩ ነበር። ከእነዚያ ማኅበራት ውስጥ በ1968 መኢሶን፣ በ1972 ደግሞ ኢሕአፓ ተወለዱ። በ1974 ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግም ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ማኅበር ያደጉ፣ አንድ መፈክር ያሰሙ ሰዎች በጠላትነት ተፈላለጉ። ኢሕአፓ ተቀናቃኞቹን በከተማ ገደለ፤ መኢሶን እስከ 1977 ድረስ ከደርግ ጎን ቆመ፤ ከሁሉ የበለጠውን ደም ያፈሰሰው ግን ቀይ ሽብር ብሎ ያወጀው መንግሥት ነው። መኢሶንም ራሱ በተራው ተበላ። በጎንደር ያ ዘመን ከሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ጋር ይታወሳል። ከቤተ እስራኤል ወጣቶችም ኢሕአፓ የገቡ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሱዳን ተሰደው ከዚያ ለአሊያ መንገድ ከጠረጉት ጋር ሆኑ። የእናታችን ወንድም ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው።

ስለዚህ ፍርሃታቸውን እናከብራለን። ደግሞም እውነት ነው፤ ፓርቲዎቹ ከክበቦቹ ወጥተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ምን እንደ ተለወጠ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። የአራት ኪሎው ተማሪ ከናይጄሪያዊው ጋር በተቀመጠ ጊዜ፣ የዓለማያው ከአዲስ አበባው ጋር በተገናኘ ጊዜ፣ ሾላ ድረስ በሄደ ጊዜ የሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር ይጨምር ነበር። ወደ ፓርቲው ምስጢራዊ ሕዋስ በገባ ጊዜ ግን ተቀነሰ። በሕዋስ ውስጥ አንድ አባል የሚያውቀው ጥቂት ጓዶቹን ብቻ ነው፤ ሌላውን እንዳያውቅ፣ ቢያዝም እንዳያጋልጥ ተብሎ ነው። መንግሥት ስለሚገድል ይህ አስፈላጊ ነበር ይባላል፤ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን የሌላውን ወገን ሰው ድምፅ ሳይሰማ ስለ እሱ የሚፈርድ ወጣት ማፍራት ሆነ። አሥር ዓመት ሙሉ የፈረሰው የኮሌጅ አጥር በሌላ መልክ ተመልሶ ታጠረ ብንል የምናጋንን አይመስለንም።

በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ ከዚህ የቀደመ ሌላ ፍርሃት አለ። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። መለየታችን ሃይማኖታችንን ጠብቆልናል፤ ለዚህም አባቶቻችንን እናመሰግናለን። ሆኖም ዶክተር ፋይትሎቪች በ1905 ታምራት አማኑኤልንና ጌጤ ኤርምያስን ወደ አውሮፓ ይዘዋቸው ሲሄዱ ልጆቹ ይጠፉብናል ብሎ የሰጋ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ታምራት አማኑኤል ግን ተምረው ተመለሱ፤ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። ወደዚያም ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ የወገናችን ልጆች ተገናኙ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ በሁለት ዙር 27 ወጣቶች እዚህ አገር፣ ራዓናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ መጥተው ከሌሎች አገሮች አይሁድ ልጆች ጋር ተማሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ ዕብራይስጥ አስተማሩ። እነሱ ከመንደራቸው ባይወጡ ኖሮ መንደሩ ስለ ኢየሩሳሌም የሚያውቀው በጸሎት ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቤኤር ያዕቆብ በ1907 ስትመሠረት የመጡባት ከዳግስታን ተራሮች የወጡ አይሁድ ነበሩ፤ እነሱም በጊዜው የራሳቸው ቋንቋና ልማድ የነበራቸው እንግዶች ነበሩ። ዛሬ ከተማችን በጣም ሰፍታለች፤ አዳዲሶቹ ሕንጻዎች ውስጥ ማን እንደሚኖር እኛ የቆየነው እንኳ አናውቅም። ልጆቻችን ኮሌጅ ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ኮሌጆች ትንንሽ ናቸው፤ ሁሉም ተማሪ አንድ ሙያ ይማራል፣ አንድ ዓይነት ወሬ ያወራል። ሌላው ቀርቶ ከእኛ ወገን የሆኑት ተማሪዎች በምግብ ቤት አንድ ጠረጴዛ ይዘው ለሦስት ዓመት ያው ጠረጴዛ ላይ ይመረቃሉ። እኛም በመርካዝ ክሊታ ዘመናችን ያደረግነው ይህንኑ ስለ ነበር ልንወቅሳቸው አንችልም። ባዕድ በሆነ ቦታ የራስ ሰው ያሞቃል።

ዋጋው የሚታወቀው ኋላ ነው። ከማኅበራችን ኮሚቴ አባላት አንዱ ልጅ በሙያው በጥሩ ውጤት ተመርቆ ሥራ ሳያገኝ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ያመለከተባቸው መሥሪያ ቤቶች መልስ እንኳ አልሰጡትም። በመጨረሻ ሥራ ያገኘው በኮሌጁ በኩል አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ አብሮት ኳስ በሚጫወት የሌላ ኮሌጅ ተማሪ አባት አማካይነት ነው። እኛ ሁሉንም ነገር «ፕሮቴክሲያ» ብለን እናማርራለን። አድልዎ መኖሩን ማንም አይክድም፤ እኛም በቆዳችን አይተነዋል። ነገር ግን ፕሮቴክሲያ ከምንለው ውስጥ ግማሹ ሰዎች በሠራዊት፣ በክበብ፣ በጉዞ ላይ መተዋወቃቸው ብቻ ነው። ይህን ግማሽ የሚከለክለን የለም።

በሬሆቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ከቤታችን የአጭር ጊዜ መንገድ ነው፤ የዓለማያ ተማሪ እንዲህ ያለ ጎረቤት ቢያገኝ ምን ያህል ደስ ባለው ነበር! የእናታችን ልጅ ክበብ ውስጥ ከዚያ የሚመጡ የዕፀዋት ተማሪዎች አሉ፤ ከሩሲያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም፣ ከሌሎች ኮሌጆች የመጡም አሉ። ኮሚቴው የሚወስነው የትኛው ሸለቆ እንደሚታይ፣ ውሃ ማን እንደሚይዝና ለአውቶቡሱ ስንት እንደሚከፈል ነው።

ይህን ሁሉ በስብሰባው ላይ በአጭሩ ተናገርን። ልጅቱም ከኋላ ተነሥታ ባለፈው ወር ስለ ሄዱበት ቦታ አወራች፤ አንድ ሩሲያዊ ጓደኛዋ ዳቦዋን ቀምሶ ስሙን ጠይቆ እንደ ጻፈው ስትነግረን ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቲቱ አልሳቁም። ቆየት ብለው ስለ ወንድማቸው ጥቂት ነገሩን፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ስብሰባችሁ በር ዘግታችሁ ነው ወይስ ከፍታችሁ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ክፍሉ በመስታወት የታጠረና ከመንገዱ የሚታይ መሆኑን፣ የፈለገ ሁሉ መግባት እንደሚችል ነገረቻቸው። «እንግዲያው አንድ ሰኞ መጥቼ አያለሁ» አሉ። ሬሆቮት የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ቁጥርም ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት ጻፈላቸው።